እማማ ማሚቴ ገበያ የወጡ ዕለት

ከበበው ጀሞ የገባው በሐምሌ አጋማሽ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ውሎ ጠቁሮ በሚያመሽበት ሰሞን ነው። ከአዳማ እስከ አዲስ አበባ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎ፣ ማንገቻውን እጁ ላይ ጠምጥሞ መጣ። ከጎኑ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሲዘረጉለት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ ትንሽ ቆዩና ብርቱካኑን ራሳቸው በሉት። ከበበው ይህን በመስኮቱ መስታወት ውስጥ አይቷል፤ አላፈረም። ሰው ለሰው እንዲሁ በነጻ የሚሰጠው ነገር አለ ብሎ ማመን ካቆመ ሰንብቷል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ንፋስ ስልክ፣ መካኒሳ አቦ ነው። ላፍቶ ገና የሚታረስ መሬት ሳለ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ወንዝ እየወረደ የዋኘ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ጥጃና በግ ይዞ ሲሄድ እያየ ያደገ ሰው ነው። ከፍ ሲል የጭነት መኪና ላይ ወጣ፤ ከረዳትነት ጀምሮ ተሳቢ እስከ መንዳት ደረሰ። በጅቡቲ መስመር የሚያውቁት ሾፌሮች ስሙ በተነሳ ቁጥር የሚያወሩት አንድ ነገር ነበር። ከበበው ጎማ የፈነዳበት ሰው አይቶ አያልፍም። ፀሐዩ አናት ቢበሳም፣ ጭነቱ የሚያስቸኩል ቢሆንም ዳር ይይዛል፣ ክሪኩን ያወርዳል፣ ሰውየው መንገዱን ሲቀጥል ካላየ ሞተር አያስነሳም።

ያን ከበበውን አንድ ቁልቁለት ወሰደው። የምግብ ዘይት ጭኖ ከጅቡቲ ሲመለስ፣ በረሃው ውስጥ ካለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ፍሬኑ እምቢ አለው። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ በጎኑ ተኛ። ጋቢናው ተጨፍልቆ ጭኑን ነክሶ ያዘ፤ ጭንቅላቱና አንድ እጁ በተሰበረው መስኮት ወጥተው አሸዋው ላይ ቀሩ። የሰው ድምፅ ሲሰማ ፈጣሪውን አመሰገነ። "የሰው ያለህ!" ብሎ ጮኸ። እየሮጡ መጡ። ከወደቀበት ሆኖ የሚታየው እግራቸው ብቻ ነበር፤ ሸበጥ ያጠለቀ እግር፣ የጎማ ጫማ ያደረገ እግር፣ አቧራ የጠጣ ባዶ እግር። ሁሉም በጭንቅላቱ አጠገብ እያለፉ ወደ ኋላ፣ ወደ ጭነቱ ሄዱ። ሲመለሱ በየእጃቸው የዘይት ጄሪካን ተንጠልጥሏል። አንዲት ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት ጎንበስ ብላ ዓይኑን አየችው። ሊለምናት አፉን ሲከፍት፣ አጠገቡ የወደቀውን ጄሪካን አንስታ ሄደች።

ከሆስፒታል በብረት የተጠገነ ጭንና ከዘራ ይዞ ወጣ። ትዳሩ ከዚያ በፊት ፈርሶ ስለነበር አዳማ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ለብቻው መኖር ጀመረ። በሩ ላይ ሁለተኛ መቀርቀሪያ አስገጠመ። ጎረቤት ለበዓል ሲጠራው አሞኛል እያለ ይቀራል፤ ሊጠይቁት ሲመጡ ደግሞ የለሁም ለማለት ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል። ቀስ በቀስ ሰዉ ተወው። ያልተወው የድሮ የመንገድ ወዳጁ ሙሴ ብቻ ነው።

ሙሴ የቦዲቲ ልጅ ነው። መዝሙር እየዘመረ በረሃውን የሚያቋርጥ፣ ሲርበው የሚቆጣ፣ ሲጠግብ የሚስቅ ሰው። ተሳቢውን ትቶ አሁን ከጀሞ ሜክሲኮ ሚኒባስ ይነዳል። የከበበው ሐኪም ብረቱ ከቦታው ሳይንሸራተት አልቀረም ብሎ ወደ አዲስ አበባ ሲልከው፣ ከበበው ሆቴል ሊይዝ አስቦ ነበር። ሙሴ ይህን ሲሰማ ድምፁ ተለወጠ።

"የኔ ቤት እያለ ሆቴል ካደርክ፣ ከዚያ በኋላ አታውቀኝም፣ አላውቅህም" አለው።

ከበበው ተሸንፎ መጣ። ቤቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሙሴ ከባለቤቱ ከቤተልሄምና ከእናቱ ከእማማ ማሚቴ ጋር ይኖራል። እማማ ማሚቴ አእምሯቸው መርሳት ሲጀምር ነው ከቦዲቲ የመጡት። የዛሬው ከእጃቸው እያመለጠ የድሮው ብቻ ቀርቶላቸዋል። ልባቸው ሲረጋጋ አማርኛ ያወራሉ፤ ሲጨንቃቸው አማርኛው ይጠፋና ወላይትኛ ብቻ ይሆናሉ። ከበበውን በመጀመሪያው ቀን ቤት ሊገምት የመጣ ሰው ነው ብለው ጠርጥረውት እራት እስኪቀርብ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉበትም። እሱም አልተቀየማቸውም። ከቤቱ ሰው ሁሉ እሱን የሚመስሉት እሳቸው ነበሩ።

ማታ ሲተኛ ቦርሳውን ከራስጌው ያደርጋል። በኮሪደሩ ላይ እግር ሲያልፍ ይነቃል። ቤተልሄም ምግብ ስትጨምርለት ምን ፈልጋ ይሆን እያለ ፊቷን ያያል፤ እንዲህ በማሰቡ ደግሞ ራሱን ይጠላል።

ነገሩ የሆነው ለሐኪም ቤት ቀጠሮው አንድ ቀን ሲቀር ነው። እማማን የምትጠብቅላቸው ዘመዳቸው ለቅሶ ደርሶባት ሶዶ ሄዳለች። ቤተልሄም የአጸደ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ያን ዕለት ከክረምት ስልጠናዋ መቅረት አትችልም። ሙሴ ሌሊት ነው የወጣው። ስለዚህ እስከ ምሳ ሰዓት እማማን እንዲጠብቅላቸው ከበበውን ለመነችው። በሩ እንዳይከፈት አደራ አለችው። የሚከብድ ነገር ከመጣ ደግሞ ፊት ለፊት ያለችውን ሲናን እንዲጠራት ነገረችው፤ ሲና ቤቷ ሆና ልብስ የምትሰፋ ልበ ቀና ሴት ናት አለችው። ከበበው እሺ አለ። የማያውቃትን ሴት ቤት ውስጥ ለማስገባት ግን አላሰበም።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ።

"ጋሼ፣ ውሃ መጥቷል" አለች ሲና ከውጭ። "ጄሪካኖቹን ያቀብሉኝና ከኔ ጋር ላስሞላቸው። እግርዎን እንደሚያምዎት ቤቲ ነግራኛለች።"

ከበበው በሩን ሳይከፍት አያስፈልግም አለ። እሷም ዝም አላለችም፤ እንግዲያው እርስዎ ሲወርዱ እኔ እማማ ጋ ልቀመጥ አለችው። አሁንም አያስፈልግም አለ፤ ድምፁ ካሰበው በላይ ሻካራ ሆኖ ወጣ። ሄደች።

በዚያ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ያን ቀን ያልሞላ ሳምንቱን ይቸገራል። ወዳጁ ቤት ተቀምጦ ባዶ ጄሪካን ማሳየት ደግሞ አላስችለው አለ። እማማ ማሚቴ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አንዱን ጄሪካን ብቻ ይዞ ወረደ። በአንድ እጁ ከዘራ፣ በአንዱ ጄሪካን ስለነበር በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ቁልፉን እዚያው ሰክቶ ተወው። አንድ ጄሪካን ነው፤ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ለጤነኛ ሰው አይፈጅም። እሱ ግን በየደረጃው መታጠፊያ እያረፈ፣ የሞላውን ጄሪካን እያስቀደመና እየተከተለ ሲወጣ ጊዜው ሄደ። አራተኛ ፎቅ ሲደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልጋው ባዶ ነው። ከኩሽናው በር ጀርባ የሚንጠለጠለው ዘንቢል የለም። የእማማ ጫማም የለም።

ደረጃው ላይ አላገኛቸውም፤ በሕንጻው ማዶ ጫፍ ባለው ሌላኛው ደረጃ ወርደዋል ማለት ነው። ወደ ኮሪደሩ ሲመለስ የሲና በር ፊት ለፊቱ ቆመ። የስፌት መኪናዋ ከውስጥ ይንጫጫል። እጁን ለማንኳኳት አነሳ። ቅድም ባባረራት በር ላይ አሁን ምን ብሎ ይቁም? እጁን አወረደና ብቻውን ወደ ደረጃው ተንደረደረ።

ሙሴ ጋ ደወለ፤ አይነሳም። ሲነዳ ስልኩን ድምፅ አልባ እንደሚያደርገው ትዝ አለው። ብሎኩን ዞረ። የሱቁን በረንዳ፣ የቆሻሻ ገንዳውን ጀርባ፣ ልብስ የሚሰጣበትን ሜዳ አየ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ዘንቢል የያዙ እናት ወደ ታክሲ መያዣው ሲሄዱ አይቻለሁ ሲለው፣ ከበበው ለምን ዝም ብለህ አሳለፍክ ለማለት ምላሱ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ራሱስ ምን አድርጓል? ሰማዩ ከእንጦጦ በኩል እንደ ከሰል ጠቁሮ ይወርድ ነበር።

ታክሲ መያዣው ላይ ሰው ከሰው ይጋፋል። ወያላዎቹ ሜክሲኮ፣ ሳሪስ፣ ላፍቶ እያሉ ይጣራሉ። ከበበው ከሰዉ መሃል ቆሞ ዓይኑን ከፊት ወደ ፊት ሲያንከራትት አፉ ግን አልከፈት አለ። ተራ አስከባሪው፣ ጆኒ የሚሉት ቀጭን ሰው፣ አይቶት ቀረበ።

"ፋዘር፣ ምን ሆነው ነው?"

"ምንም" አለ ከበበው፤ ጥቂት እርምጃም ራቀው። ከዚያ ቆመ። እማማ ማሚቴ አማርኛ በጠፋባቸው ሰዓት በዚህ ከተማ ብቻቸውን መሆናቸውን አሰበ። ማንንም ባይለምን የሚጎዳው እሱ አልነበረም። ዞሮ ለማያውቀው ሰው ሁሉንም ነገረው፤ ሰማያዊ ሹራብ፣ አበባ ያለበት ቀሚስ፣ ዘንቢል፣ በሩን ክፍት የተወው እሱ መሆኑን ሳይቀር።

ጆኒ እስከ መጨረሻው አልሰማውም። መሃሉ ላይ ስልኩን አውጥቶ መደወል ጀምሮ ነበር። ከበበው ቆሞ ሲያየው፣ ይሄ ሰው አሁን ምን ይጠይቀኝ ይሆን እያለ ያስብ ነበር። የመጀመሪያው ሾፌር አላየሁም አለ። ሁለተኛውም። ጆኒ ስልኩን ሳይዘጋ ወያላዎቹን በየመኪናው እየዞረ ጠየቀ። በዚህ መሃል ከኋላው አንድ እጅ ክንዱን ነካው። ከበበው ደንግጦ ከዘራውን አነሳ። ሲና ነበረች። የስፌት ሜትሯን ከአንገቷ ላይ እንኳ ሳታወልቅ ነው የመጣችው።

በሩ ተከፍቶ አይታ እንደገባት ነገረችው። የብሎኩን ሰዎች ቀስቅሳ፣ የተወሰኑት በቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ የተወሰኑት በገበያው በኩል እንዲፈልጉ አሰማርታለች። ስለ ቅድሙ አንድም ቃል አልተናገረችም። ከበበው ይቅርታ ለማለት አስቦ ሳለ ጆኒ ከሩቅ እጁን አወዛወዘ።

እማማን ያሳፈራቸው የላፍቶ መስመር ሾፌር ነው። እናት ዘንቢል ይዘው ተሳፍረዋል፣ የሚናገሩት ቋንቋ አልገባንም፣ ሂሳቡንም ተውነው ብሎ ለጆኒ በስልክ ነግሮታል። ወንዙን ሲያዩ ግን መስኮቱን ደበደቡ። አትክልት ከሚተከልበት ሜዳ በላይ አወረዳቸው፤ ሰፈራቸው መስሎት ነበር።

ወንዙ። ከበበው አሁን ገባው። እማማ ዛሬ የቦዲቲ ገበያ ነው ብለው ወጥተዋል ማለት ነው። ወጣት ሳሉ ወንዝ ተሻግረው ገበያ ይሄዱ እንደነበር ከምሽቶቹ ባንዱ ሲያወሩ ሰምቷል። ያ የላፍቶ ወንዝ ደግሞ በጋ ላይ ድንጋይ ረግጠው ይሻገሩታል፤ ሐምሌ ላይ ምን እንደሚሆን እሱ ከማንም የበለጠ ያውቃል።

ጆኒ ሞልቶ ሊወጣ የነበረ ሚኒባስ አስቁሞ፣ ሁለት ሰዎች አስነስቶ ከበበውንና ሲናን አስገባቸው። የተነሱት ሰዎች አላጉረመረሙም። መኪናው እንደተንቀሳቀሰ ዝናቡ ወረደ። ዋናው መንገድ ተዘጋግቶ ስለነበር ሾፌሩ ድንገት ወደ ውስጥ፣ ወደ ኮብልስቶኑ ታጠፈ። የከበበው እጅ የበሩን እጀታ ጨበጠ። ወዴት ነው የሚወስዱን? ሲና አቋራጭ መሆኑን በለሆሳስ ነገረችው። ያኔ ነው ዙሪያውን ያየው። ተሳፋሪው ሁሉ ጉም የያዘውን መስታወት በክንዱ እየጠረገ ወደ ውጭ ይመለከታል፤ ሰማያዊ ሹራብ እየፈለገ። ሥራ ረፍዶብኛል ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ሾፌሩ እማማ ወረዱ የተባለበት ቦታ አወረዳቸው። ሲና ወደ ቤቶቹ በኩል ሮጠች። ከበበው ወደ ወንዙ ቁልቁል የሚወስደውን የጭቃ መንገድ ያዘ። የወንዙ ድምፅ ከዝናቡ በላይ ይሰማል፤ ያን ድምፅ ከልጅነቱ ያውቀዋል፣ ድንጋይ እያንከባለለ የሚመጣ ድምፅ ነው። ጎመኑ ከሚተከልበት ሜዳ ዳር ሲደርስ አያቸው።

እማማ ማሚቴ ወንዙ መሃል፣ ትልቅ ድንጋይ ላይ ቆመዋል። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወገባቸው ላይ ሸጉጠዋል፤ ዘንቢሉን በክንዳቸው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከድንጋዩ በወዲህም በወዲያም ውሃው ቡናማ ሆኖ ይገለበጣል። እግራቸውን አንዴ ወደ ፊት ይሰዳሉ፣ አንዴ ይመልሳሉ።

ከበበው ወደ ፊት ተጣደፈ፤ ከዘራው ጭቃው ውስጥ ገብቶ ተሰበረ፤ እሱም በጎኑ ወደቀ። ብረቱ ያለበት ጭን ከሥሩ ታጠፈ። ለመነሳት ሞከረ፤ ዓይኑ ጨለመበት። በእጆቹ ሊሳብ ሞከረ፤ ጭቃው ወደ ኋላ መለሰው። ጉንጩ መሬት ላይ ሆኖ የሚታየው ወንዙና ሰማያዊው ሹራብ ብቻ ነበር። መጮህ ነበረበት። የሚጮኸውንም ቃል ያውቀዋል። ያ ቃል ግን በረሃው ላይ ከጮኸው ቀን ጀምሮ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ብጮህ ማን ይመጣል? ቢመጡስ?

እማማ ማሚቴ አንድ እግራቸውን ውሃው ውስጥ አስገቡ።

"የሰው ያለህ!" አለ ከበበው። የመጀመሪያው ድምፅ ዝናቡ ውስጥ ጠፋ። እንደገና ሲጮኽ ድምፁ ተሰንጥቆ፣ የራሱ አልመስል ብሎት ወጣ። "የሰው ያለህ! የሰው ያለህ! እናት ልትወሰድ ነው!"

መጀመሪያ የሰማው እግር ነው። ጭቃውን እየመታ የሚሮጥ ብዙ እግር። ከወደቀበት ቀና ማለት ስላልቻለ ያየውም እግራቸውን ብቻ ነው። ቦቲ ያደረገ እግር፣ ሱሪውን የሰበሰበ ባዶ እግር፣ ፌስታል የተጠቀለለበት ጫማ። በጭንቅላቱ አጠገብ አለፉ። ከበበው ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው እግሮቹ ወንዙ ዳር ደርሰው ነበር፤ የቆመ አልነበረም፣ ወደ ውሃው እየገቡ ነበር።

ጎመን የሚያለሙት ሰዎች ናቸው፤ ከሜዳው ማዶ ቤት የሚሠሩ የቀን ሠራተኞችም አሉበት። ኢሉ የሚባለው ጎልማሳ ለመስኖ የሚጠቀሙበትን ረጅም የጎማ ቱቦ ወገቡ ላይ አሰረና ሌሎቹ ጫፉን እንዲይዙ ነገራቸው። እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሰለፉ፤ እሱ ከፊት ሆኖ ገባ። ውሃው ደረቱ ደረሰ። አንዴ ተንሸራቶ ጭንቅላቱ ጠለቀ፤ ዳር ያሉት ሴቶች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ቱቦው ተወጠረ፤ እሱም ብቅ አለ። ድንጋዩ ጋ ደርሶ እጁን ሲዘረጋ ግን እማማ ማሚቴ ወደ ኋላ ሸሹ። በወላይትኛ ይቆጡታል። ዘንቢላቸውን ሊቀማ የመጣ መስሏቸዋል። አንድ እርምጃ ቢጨምሩ አለቀ።

"ወላይትኛ የሚችል!" አለ ከበበው ከመሬቱ ላይ። "ገበያው ተበትኗል በሏቸው። ገበያው ተበትኗል፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤት እየተመለሰ ነው በሏቸው።"

አሸዋ ስትሸከም የነበረች፣ ትከሻዋ ላይ ማዳበሪያ ያነጠፈች ሴት ከሰዎቹ መሃል ወጣች። ወደ ዳሩ ተጠግታ በወላይትኛ ተጣራች። ድምፁ የልጅ ለእናት ድምፅ ነበር፤ ጩኸት የለበትም፣ ግን ወንዙን አልፎ ይሰማል። እማማ ማሚቴ ዞር አሉ። አንድ ነገር ጠየቋት። ሴትዮዋ መለሰችላቸው። ጥቂት አሰቡ። ከዚያ በጥንቃቄ መጀመሪያ ጫማቸውን፣ ቀጥሎ ዘንቢሉን ለኢሉ አቀበሉት፤ እሱም ሁለቱንም ተቀብሎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በጀርባው አዘላቸው። መልሱ ከመሄጃው ረዘመ። ዳር ሲደርሱ ያ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ገብቶ አይታይም ነበር።

ከበበውን ደግሞ ከኋላው ሁለት ሰዎች ብብቱን ይዘው አነሱት። ሳያውቅ በክርኑ አንዱን መታው። የተመታው ሰው አለቀቀውም፤ "አይዞህ፣ ይዘንሃል" ብቻ አለው። ፕላስቲክ የተወጠረባት መጠለያ ውስጥ አስገቧቸው። እማማን አንዲቷ ሴት በራሷ ጋቢ ጠቀለለቻቸው። ሻይ ፈላ። ሲና እየሮጠች ደርሳ እማማን ስታይ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ ተነስታ ሙሴ ጋ እስኪያነሳ ድረስ ደወለች።

ከበበው ለሙሴ የሚለውን እያሰበ ሻዩን እንደያዘ ቀዘቀዘበት። ወዳጁ አምኖ እናቱን ሰጠው፤ እሱ ለአንድ ጄሪካን ውሃ ብሎ በር ክፍት ትቶ ወረደ፣ ያውም ልርዳህ ያለችውን አባርሮ። ሙሴ ተሳፋሪዎቹን መንገድ ላይ አውርዶ መጣ። እናቱን አቀፈ፣ ግንባራቸውን ሳመ፣ ኢሉን ሳመ፣ ያገኘውን ሁሉ ሳመ። በመጨረሻ ከበበው አጠገብ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

"በሩን እኔ ነኝ ክፍት የተውኩት" አለ ከበበው። "ሲና ልጠብቅ ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት።"

ሙሴ ወንዙን አየ። ከበበው ቦርሳውን ይዞ የሚወጣበትን መንገድ ማሰብ ጀመረ።

"በፋሲካ ሰሞን እኔም ትቼው ነበር" አለ ሙሴ። "ታች ደረጃ ላይ ያገኘቻቸው ሲና ናት። ላንተ ሳንነግርህ የቀረነው አፍረን ነው። ልንነግርህ ይገባ ነበር።"

ከዚህ ሌላ ስለዚያ ቀን አልተናገረውም። ቤተልሄም ግን ያን ማታ ከማንም ጋር አላወራችም፤ በማግስቱም ለከበበው ቁርስ ስታቀርብ ዓይኑን አላየችውም። እሱም አልፈረደባትም። ፊቷ የተፈታው ከቀናት በኋላ፣ የሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ስታየው ነው። በውድቀቱ ብረቱ ጭርሱን ተነቅሎ ነበርና ጭኑ እንደገና ተከፈተ። ሊጠይቁት የመጡት ብዙዎቹ ስማቸውን እንኳ የማያውቃቸው የብሎኩ ሰዎች ነበሩ። ጆኒ ከተራው ላይ ሾልኮ መጣ። ሲና ስትመጣ ያልተባለውን ይቅርታ አላት። እሷም በበር በኩል የሚናገር ሰው ድምፁ ሁልጊዜ ይሻክራል ብላ ሳቀች።

ለሁለት ሳምንት የመጣው እንግዳ ክረምቱን ጀሞ አሳለፈ። ቀን ቀን ሁሉም ሲወጣ እሱና እማማ ማሚቴ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲና በሯን ከፍታ እየሰፋች ከወዲያ ታያቸዋለች። እማማ ወንዙን ረስተውታል። አንድ ቀን ልባቸው በተረጋጋበት ሰዓት ፋሻውን አይተው፣ "ልጄ፣ እግርህን ምን አገኘህ?" አሉት።

ለማንም ተናግሮት አያውቅም። ለእሳቸው ግን ቁልቁለቱን፣ ፍሬኑን፣ እግሮቹን፣ ቢጫ ሻሽ ያሰረችውን ሴት ነገራቸው። እማማ እጃቸውን እያፍተለተሉ ሰሙት። ሲጨርስ ፊቱን ትክ ብለው አዩት።

"ታዲያ ማን አነሳህ?"

ከበበው ለመመለስ አፉን ከፈተ። ማንም ሊል ነበር። ግን እዚህ ተቀምጧል፤ አንድ ሰው አንስቶታል። ይህን ስንት ጊዜ ዘሎት አለፈ? ቀስ ብሎ መጣለት። አይሱዙ ነበር፤ ፍየል ፍየል ይሸታል። ጋቢናውን በብረት ፈልቅቆ ያወጣው ሰው የከበበውን ጭንቅላት በራሱ ጭን ላይ አስተኝቶ፣ ሌላ ሰው እያስነዳ፣ ገና ብዙ እየቀራቸው "ደረስን፣ ደረስን" ይለው ነበር። እጁ ሻካራ ነበር። ፊቱ አልመጣለትም።

"አንድ ፍየል ነጋዴ" አላቸው።

"ተባረክ በለው" አሉ እማማ ማሚቴ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸው ወደ ሰማዩ ሄደ።

ኅዳር ላይ መራመድ ሲችል ከበበው አውቶቡስ ተሳፍሮ አደጋው ወደደረሰበት የበረሃ ከተማ ሄደ። ሙሴ አብሬህ ልሂድ ቢለው ብቻዬን ይሻለኛል አለ። መንገድ ዳር ባለ ጎማ ቤት ወርዶ ስለ ፍየል ነጋዴው ጠየቀ። የጎማ ቤቱ ባለቤት አደጋውን ያስታውሳል፤ ሲያወራ ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ከበበው አልጠየቀውም። ፍየል የሚጭን አይሱዙ ብዙ ነው አለው፤ የትኛው እንደሆነ ግን አያውቅም። ቢሆንም ወንበር አወጣለት፣ ውሃ አስመጣለት፣ ከሚያልፉት ሾፌሮች አንዱ ያውቅ ይሆናል ብሎ እስከ ከሰዓት አብሮት እያስቆመ ጠየቀ። አልተገኘም። ከበበው የስልክ ቁጥሩን ትቶለት፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ሲመጣ እጁን ጨብጦት ተነሳ።

እስካሁን ስለዚያ ሰው የደወለለት የለም። ከበበው አሁን መካኒሳ አቦ፣ ከተወለደበት ብዙ ሳይርቅ አንድ ክፍል ተከራይቷል፤ ጆኒ ባገናኘው ጋራዥ ውስጥ የፍሬን ሥራ ይሠራል። እሑድ እሑድ ጀሞ ይወጣል።